መልስ «የአራት አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ የአምልኮ ምሽታችን ሁልጊዜ ይረዝማል፣ ሰዉም ሳይተዋወቅ ይበተናል፤ ምን እናድርግ?» ላላችሁን፦

ለአራቱም መዘምራን የየራሳቸውን ሰዓት መስጠት አቁሙ። ሁለት ሁለት መዝሙር ቢዘምሩ እንኳ፣ መድረክ ላይ መውጣቱ፣ መውረዱና ማይክ ማስተካከሉ ሲጨመር አንድ ሰዓት ያልፋል። የሚበላው ደግሞ የመተዋወቂያውን ጊዜ ነው።

በምትኩ ከየአጥቢያው 5 ዘማሪ ወስዳችሁ አንድ የጋራ መዘምራን አቋቁሙ። ምእመናኑ ሁሉ የሚያውቋቸውን 4 መዝሙሮች ምረጡ፤ ግጥሙንና የሚዘመሩበትን ቁልፍ (መዝሙሩ የሚጀመርበትን የድምፅ ከፍታ) ከሁለት ሳምንት በፊት ለዘማሪዎቹ ላኩ። ቁልፉ ካልተላከ ልምምዱ በክርክር ያልቃል። መሣሪያ የሚጫወተው የአንድ አጥቢያ ቡድን ብቻ ይሁን።

ለሁለት ሰዓት ፕሮግራም ይህን ሞክሩ፦

1. አምልኮ 30 ደቂቃ
2. ስብከት 25 ደቂቃ፣ በአንድ ሰባኪ ብቻ
3. ጸሎት 25 ደቂቃ። አራት አራት ሆነው ይጸልዩ፤ በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት አጥቢያ ይኑር። መተዋወቅ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ይህን ክፍል አታሳጥሩት።
4. ሻይና ጨዋታ 40 ደቂቃ

ያልሰበኩት መጋቢዎች አንዱ ይክፈት፣ አንዱ ጸሎቱን ይምራ፣ አንዱ ይባርክ። ሰላምታና ማስታወቂያ ለመድረክ መሪው ይተውለት።

አንድ ጥንቃቄ፦ መባ የምትሰበስቡ ከሆነ ለምን እንደሚውልና ማን እንደሚቆጥረው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ከሁለት አጥቢያ የተውጣጡ ሰዎች አብረው ይቁጠሩት፤ ድምሩም በዚያው ሳምንት ለአራቱም ይነገር። ኅብረት በአስተምህሮ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ባልተነገረ ሂሳብም ሊቀዘቅዝ ይችላል።