የዳኛ ሊቅነት ለጉዳት ሲውል በእግዚአብሔር ፊት ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ መምህር። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት የምከታተል እኅትዎ ነኝ። በክፍላችን ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ የተባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እንደ ሊቅ ይጠቀሳሉ፤ እኔም ጽሑፋቸውን ሳነብ እደነቃለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1927 አንዲት ወጣት ያለ ፈቃዷ እንድትመክን የፈረዱት እኒሁ ሰው ናቸው። ጓደኞቼ «ፍርዱ ክፉ ነው፤ ጭንቅላታቸው ግን ጭንቅላት ነው» ይላሉ። ለክፉ የዋለ ሊቅነት ዋጋ አለው? በፈተና ላይ የክርክራቸውን ጥንካሬ ብጽፍስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ክፉ የፈረደን ሊቅ «አላዋቂ ነበር» እንድትዪ ሃይማኖትሽ አያስገድድሽም። መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ አያደርግም። አኪጦፌልን አስቢ። የንጉሥ ዳዊት አማካሪ ሳለ ምክሩ የእግዚአብሔርን ቃል እንደ መጠየቅ ትቆጠር ነበር (2ኛ ሳሙ. 16፥23)። አቤሴሎም በአባቱ ላይ ሲያምፅ ያን ሁሉ ማስተዋሉን ይዞ ወደ ዐመፀኛው ዞረ። 12 ሺህ ሰው መርጦ በዚያው ሌሊት ዳዊትን ሊያሳድድ፣ ደክሞ እጁ ሲዝል ሊደርስበት፣ ንጉሡን ብቻ ገድሎ ሕዝቡን ሊመልስ ዐቀደ። ምክሩ ቢሰማ ኖሮ ዳዊት አያመልጥም ነበር። እግዚአብሔር ይህችን ምክር በተናት፤ መጽሐፉ ግን በዚያው ቦታ ላይ «መልካሚቱ ምክር» ብሎ ይጠራታል (17፥14)። ዳዊትም ቢሆን በደብረ ዘይት ዐቀበት እያለቀሰ ሲወጣ የለመነው የአኪጦፌል ምክር ወደ ስንፍና እንዲለወጥ ነው፤ የሰውየውን ብልሃት ከማንም በላይ ያውቀው ነበርና።

ስለዚህ የሆልምስንም ብዕር ብርታት አትካጂ። ነገር ግን ያ ብዕር በማን ላይ እንዳረፈ ደግሞ ተመልከቺ።

የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1924 «አእምሯቸው ደካማ ነው» ተብለው በመንግሥት ተቋም የሚኖሩ ሰዎች እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉን በፍርድ ቤት ለማጽናት የተመረጠችው ኬሪ ባክ ናት። በማደጎ ባደገችበት ቤት የአሳዳጊዎቿ ዘመድ ደፍሯት አረገዘች፤ አሳዳጊዎቿም እናቷ ቀድማ ወደ ገባችበት ተቋም አስገቧት። የቆመላት ጠበቃ የዚያው ተቋም የቀድሞ የቦርድ አባል፣ የሕጉ አርቃቂም ወዳጅ ነበር፤ አንድ ምስክር እንኳ አላቀረበላትም። ነገሩ እንዲህ ተበላሽቶ ነው ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው።

ሆልምስ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ሦስት ጊዜ የቆሰሉ አዛውንት ናቸው። አገር ምርጥ ልጆቿን ለሞት የምትጠራ ከሆነ፣ ጉልበቷን ከሚያሟጥጡት ደግሞ ከዚያ ያነሰ መሥዋዕት ብትጠይቅ ምን ይደንቃል ብለው ጻፉ። የግዴታ ክትባትን የሚደግፈው መርህ የማሕፀንን ቱቦ መቁረጥንም ይሸፍናል አሉ። ከዚያም ስለ እናቲቱ፣ ስለ ኬሪና ስለ ሕፃን ልጇ «ሦስት ትውልድ ደካማ አእምሮ ይበቃል» ብለው ደመደሙ። ከዘጠኙ ዳኞች የተቃወመው አንድ ብቻ ነው። «ሦስተኛ ትውልድ» የተባለችው ሕፃን ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ በውጤታቸው ከተመሰገኑት ልጆች ጋር ስሟ ሰፍሮ ነበር፤ በ8 ዓመቷ ዐረፈች። እንዲህ ባሉ ሕጎች በአሜሪካ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች መክነዋል።

እኛ ፍርድ ተጓደለ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጉቦ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ያደግን ነንና። መጽሐፍም መማለጃ የጥበበኞችን ዓይን ያሳውራል ይላል (ዘዳ. 16፥19)። እዚህ ግን ገንዘብ የሰጠም የተቀበለም የለም፤ ይህም ነው እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። የዘመኑ ሐኪሞችና ምሁራን «የተሻለ ዘር» ስለ ማብዛት በሰፊው ይናገሩ ነበር፤ ሆልምስም ያንን አምነው ተቀበሉ። የሊቅ ዓይን በገንዘብ ብቻ አይታወርም። የዘመን ጭብጨባም ያሳውረዋል፤ የገዛ ዐረፍተ ነገሩ ውበትም ያሳውረዋል። ያቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አንብቢያት፤ አጭርና ሹል ናት፣ አንድ ጊዜ ከተሰማች አትረሳም። ነገር ግን ኬሪ የምትባል ሰው በውስጧ የለችም።

ጓደኞችሽ ፍርዱን ከጭንቅላቱ ይለያሉ። ጌታችን ግን ብዙ ከተሰጠው ሁሉ ብዙ እንደሚፈለግበት አስተምሮናል (ሉቃ. 12፥48)። ሊቅነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በክፉ ላይ ሲውል ስጦታነቱ አይጠፋም፣ ዕዳው ግን ይከብዳል እንጂ «ቢያንስ ጎበዝ ነበር» ተብሎ የሚቀነስ ነገር የለውም። ባለማወቅ የሚፈርድ ዳኛ በፊቱ የቆመውን ይጎዳል፤ ይግባኝ ሰሚውም ስሕተቱን ቶሎ ያየዋል። የሊቅ ጥፋት ግን አምሮ ስለሚጻፍ ሌሎች ይጠቅሱታል። የናዚ ሹማምንትና ሐኪሞች በኑረምበርግ ለፍርድ ሲቀርቡ ጠበቆቻቸው ለመከላከያ ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሆልምስ ውሳኔ ነበር።

ዮቶር ለሙሴ ዳኞችን እንዲመርጥ ሲመክረው አዋቂነትን ጠየቀ፤ በዚያ ግን አላበቃም። እግዚአብሔርን መፍራትን፣ መታመንን፣ የግፍን ረብ መጥላትን ጨመረበት (ዘፀ. 18፥21)። አዋቂነት ብቻውን ለወንበሩ አይበቃም።

የብልህ ዳኛን መልክ ማየት ከፈለግሽ መጽሐፈ ሶስናን አንብቢ። ሐሰተኞቹ ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸው የሕዝቡ ፈራጆች ነበሩ፤ ምስክርነታቸውም ስለ ክብራቸው ሳይመረመር ታመነ፣ ሶስናም ወደ ሞት ትሄድ ነበር። ወጣቱ ዳንኤል ጉባኤውን አስቆመ። ሁለቱን ለያይቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው? አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ፤ ውሸታቸውም ተገለጠ። ይህ ዛሬ በምትማሪበት ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ የምትሉት ነው። ለኬሪ ባክ እንዲህ የጠየቀላት አልነበረም፤ የደፈራትን ሰው፣ የሕፃኗን ጤንነት፣ የጠበቃዋን ወዳጅነት የመረመረ የለም።

ስለ ፈተናሽ፦ የክርክራቸውን ጥንካሬ መጻፍ ኃጢአት አይደለም፤ አሳንሰሽ ብትጽፊ እንዲያውም ሐሰት ይሆንብሻል። ክርክሩ የዘለለውንም ግን አብረሽ ጻፊ። በክትባትና አካልን በመቁረጥ መካከል ያለውን ልዩነት አሳዪ፤ በበታች ፍርድ ቤት ያልተመረመረውን ማስረጃም አስቀምጪ። የሆልምስን ነፍስ በተመለከተ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነውና ለእርሱ ተዪው።

ለራስሽ ደግሞ ሰሎሞን በገባዖን የለመነውን፣ በሕዝቡ ላይ ለመፍረድ የሚያስተውል ልብ፣ በዘወትር ጸሎትሽ ጨምሪ (1ኛ ነገ. 3፥9)። ማንኛውንም የፍርድ ጽሑፍ ስታነቢ አስቀድመሽ የተፈረደበትን ሰው ስም ፈልጊ፤ ዕድሜውን፣ ከየት እንደ መጣ፣ ከፍርዱ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ክርክሩ ግቢ። ማድነቅሽ ልብሽን እየከበደው ከሄደ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ቅርብሽ ናቸውና እንደ ሁኔታሽ ይመክሩሻል።