ለእህትዎ ልጅ ስለመጣው «ኒያንደርታል» የሚል ውጤት

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ካናዳ የምትኖረው የእህትዎ ልጅ ምራቋን ልካ ባሠራችው የዘረመል ምርመራ ላይ «ኒያንደርታል፣ 1 በመቶ ገደማ» የሚል ውጤት (ኒያንደርታል በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ኖሮ የጠፋ ጥንታዊ የሰው ዘመድ ነው) መምጣቱን ገልጸው፣ «አፍሪካውያን ይህ የለብንም ሲባል አልነበረም ወይ? ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል። እዚህ ጅማ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር «የለብንም» ብለው ካስተማሩት አንዱ እኔ ራሴ ስለሆንሁ፣ ይህን መመለስ ዕዳዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጥንታዊ ዘረመል ተመራማሪው በስቫንቴ ፔቦ የሚመራው ቡድን የኒያንደርታልን ጂኖም (ሙሉውን የዘረመል መረጃ) ረቂቅ ሲያወጣ፣ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሕዝቦች ከ1 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ውርስ እንዳላቸው አስታወቀ፤ ግምቱ በኋላ ወደ 2 በመቶ ተጠጋ። እኔም ሰሌዳ ላይ «አፍሪካ፦ ዜሮ» ብዬ ጻፍሁ። ልብ ያላልሁት፣ ቡድኑ ለንጽጽር ጂኖማቸውን ካነበበላቸው ሰዎች መካከል አፍሪካውያኑ ከምዕራብ አፍሪካ አንድ ዮሩባና ከደቡባዊ አፍሪካ አንድ ሳን መሆናቸውን ነው፤ ከእኛ አካባቢ ማንም አልነበረም። የእኛ ታሪክ ደግሞ ይለያል። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ በኩል የመጡ ሰዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር እንደተዋለዱ የዘረመል ጥናት አሳይቷል፤ በብዙ የኩሽና የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎቻችን ዘንድ የዚህ ውርስ ድርሻ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይገመታል። እነዚያ ሰዎች 2 በመቶ ያህል ይዘው ከመጡ ግማሹ 1 በመቶ ነው፤ የልጅቷም ውጤት እዚያው አካባቢ አርፏል። በጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ የተገኘውና ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ግን፣ ጂኖሙ በ2015 ታትሞ እንደታየው፣ ይህ ከእስያ የመጣ ውርስ አልነበረውም። (የዚያ ጥናት አዘጋጆች ቅልቅሉ መላ አፍሪካን አዳርሷል ብለው ነበር፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም አለመጣጣም የመጣ ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ በቀጣዩ ዓመት አርመውታል። የተሳሳትሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ ትንሽ አጽናንቶኛል።) በ2020 ደግሞ በተመረመሩ የአፍሪካ ሕዝቦች ውስጥ በአማካይ 0.3 በመቶ ያህል መገኘቱ ሲገለጽ ዜሮዬ ጨርሶ ተሰረዘ።

አንድ ተማሪዬ «ከቺምፓንዚ ጋር ወደ 99 በመቶ ከተመሳሰልን፣ ከኒያንደርታል ጋር እንዴት 2 በመቶ ብቻ ይሆናል?» ብሎ አፋጥጦኛል። በቡና አስረዳሁት፦ የእርስዎ ማሳ ቡና ከጎረቤትዎ ቡና ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ከማሳዎ ስንቱ እግር ከጎረቤት በመጣ ችግኝ የበቀለ ነው ማለት ሌላ ነው። በመመሳሰል ከሆነ ከኒያንደርታል ጋር ከ99 በመቶ በላይ እንመሳሰላለን፤ 2 በመቶው የችግኙ ቁጥር ነው።

ቅንድብን ወይም ጠባይን እያዩ «ኒያንደርታልነቱ ነው» ማለት ቀልድ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም። ልጅቷም ቁጥሩን ከቅርብ ቅድመ አያት ጋር አታገናኘው፤ መዋለዱ የተፈጸመው ከ40,000 ዓመት በላይ በፊት ነው። ወንድሟ ቢመረመርና ጥቂት የተለየ ቁጥር ቢመጣለትም አትገረም፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች የሚወርሱት ቁራጭ አንድ ዓይነት አይደለምና።