የአባቴ ኤምአርአይ «0.34» ይላል፤ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ የ71 ዓመት ሰው ናቸው፤ የምንኖረውም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት ወዲህ አረማመዳቸው ተለውጧል፤ እግራቸውን ሳያነሡ መሬቱን እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ ከመኝታ ቤት ሲወጡም ደፉ ላይ እግራቸው የተጣበቀ ይመስል ቆም ይላሉ። በቅርቡ ያነሡት ኤምአርአይ «የአንጎል ቬንትሪክሎች ሰፍተዋል፤ የኢቫንስ ኢንዴክስ 0.34» ይላል። ውጤቱን ያዩልን ሐኪም «ዕድሜ ነው» ብለው አሰናበቱን፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ጭንቅላታቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ሳይከፈት አይሆንም» ትላለች። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም የእውነቱን ቁራጭ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ቸኩለዋል።

ቬንትሪክሎች በአንጎል ውስጥ ያሉ፣ እርስ በርስ የተያያዙ አራት ክፍተቶች ናቸው። በውስጣቸው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው መጠኑ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን ተደምሮ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ፈሳሹ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ስለዚህ «ውሃው» መኖሩ በራሱ አያስደነግጥም፤ ጥያቄው ክፍተቶቹ ለምን ሰፉ የሚለው ነው።

ኤምአርአይ የሚሠራው በራጅ ጨረር ሳይሆን በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ በአንደኛው የምስል ዓይነት ፈሳሹ ጥቁር፣ በሌላው ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የቬንትሪክሎቹ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይለያል። የኢቫንስ ኢንዴክስ የሚገኘው የቬንትሪክሎቹ የፊት ቀንዶች (ወደ ግንባር የሚዘረጉት ጫፎቻቸው) እጅግ የሚሰፉበት ርቀት፣ በዚያው ምስል ላይ ለሚታየው የራስ ቅል ሰፊው ውስጣዊ ስፋት ሲካፈል ነው። ለምሳሌ 44 ሚሊ ሜትር ለ130 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 0.34 ይሆናል፤ ከ0.3 በላይ ከሆነ ቬንትሪክሎቹ ሰፍተዋል ይባላል። መለኪያው ኤምአርአይ ከመፈጠሩ በፊት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ፈሳሹ ተቀድቶ በምትኩ አየር እየገባ ራጅ ይነሣ ስለነበር፣ ታማሚው ከባድ ራስ ምታት ችሎ ነበር የሚመረመረው፤ አባትዎ የቻሉት የማሽኑን ጩኸት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር የአንድን ምስል አንድ ስፋት ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ ምስሉ የተወሰደበት ማዕዘን ትንሽ ካዘነበለ ቁጥሩም ይለወጣል። በቀጫጭን ንብርብር በተነሣ ምስል ላይ ግን ጠቅላላ ይዘቱን መለካት ይቻላል፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር የሆኑትን የፈሳሽ ኩቦች ይቆጥራል፣ አንድ ሺሁ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያም ቢሆን ስፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም።

ምክንያቱ በአመዛኙ ከሁለት አንዱ ነው። አንጎል በዕድሜ ወይም በሕመም ሲሟሽሽ ፈሳሹ የተለቀቀለትን ቦታ ይሞላል፤ ያን ጊዜ በአንጎል ገጽ ላይ ያሉት ስንጥቆችም አብረው ይሰፋሉ። ሁለተኛው፣ ኮሎምቢያዊው ሐኪም ሳሎሞን ሃኪም በ1965 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ያስተዋወቁት፣ ግፊቱ ሳይጨምር የሚከሰተው ሃይድሮሴፋለስ (ፈሳሹ በቬንትሪክሎቹ ውስጥ መከማቸቱ) ነው። በዚህኛው ቬንትሪክሎቹ ሰፍተው ሳለ በአናት በኩል ያሉት ስንጥቆች ብዙ ጊዜ ተጨናንቀው ይታያሉ፤ ከፊት ለፊት ሲታይ በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ቬንትሪክሎች መካከል ያለው ማዕዘንም አብዛኛውን ጊዜ ከ90 ዲግሪ ያንሳል። ምልክቶቹ የአረማመድ መለወጥ፣ ሽንት መቋጠር አለመቻልና የአስተሳሰብ መዘግየት ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው አረማመዱ ነው። እርስዎ የገለጹት ደፍ ላይ መቆም የፓርኪንሰን ሕመምም ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዘው የነርቭ ሐኪም ያማክሩ፤ ስለ ማዕዘኑና በአናት በኩል ስላሉት ስንጥቆች በግልጽ ይጠይቁ። የቆየ ሲቲ ስካን ካለም ይውሰዱት፣ ኢንዴክሱ በእርሱም ላይ ይለካልና። ሐኪሙ ከጀርባ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀድቶ አረማመዳቸውን በፊትና በኋላ ሊያነጻጽር ይችላል። መሻሻል ከታየ ሻንት የሚባለው፣ ፈሳሹን የሚያፈስሰው ቀጭን ቱቦ ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ካልታየ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ለጎረቤትዎም ይንገሩልኝ፤ ለሻንት የራስ ቅል ላይ የሚበሳው ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ ቱቦውም በቆዳ ሥር አልፎ ወደ ሆድ ይወርዳል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ አባትዎ በፎቁ ኮሪደር ላይ 10 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ሲመለሱ በስልክዎ ይቅረጹአቸው፤ ለመዞር ስንት እርምጃ እንደሚፈጅባቸውም ይቁጠሩ። ድንገት ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም ድብታ ከመጣባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።