መልስ፦ ለአዲስ መኪና ጎማ ስንት ንፋስ ይሞላ?
ወንድሜ፣ አዲሷ መኪናህ ስንት ንፋስ እንደምትፈልግ ጠይቀሃል። ጎሚስታው «ለሁሉም 40 ነው» ቢልህ እሺ እንዳትል። የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ የፊትና የኋላው ለየብቻ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው፣ በሱ አይሞላም። አዲስ መኪና በመርከብ ሲጫን ንፋሱ በዝቶ ሊመጣም ስለሚችል ዛሬውኑ አስለካው።

የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። ከደሴ ተነስተህ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጎማው ስለሚግል ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ያኔ «በዛ» ብለህ ካስተነፈስከው ሲበርድ ይጎድልብሃል። የራስህን መለኪያ ግዛ፣ ውድ አይደለም። በወር አንዴ ለካ። ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ቫልቩ ላይ ምራቅ ቀባ አድርገህ እይ፣ አረፋ ከሠራ እዚያ ነው የሚተነፍሰው። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) መለካት እንዳትረሳ!