ለሦስት ሙያ አንድ ደብተር

ቀን ለእንጀራ ስትሠሩ ውላችሁ ማታ ክራር ለምታነሱ፣ ቀለም ለምትበጠብጡ ወይም ኮምፒውተር ላይ ንድፍ ለምታወጡ የአገሬ ልጆች ይህን እጽፋለሁ። ከአገር ከወጣሁ 20 ዓመት አልፎኛል፤ የጀመርኳቸው ብዙ ሥራዎች መንገድ ላይ የቀሩት ሐሳብ ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ አንዱ ሙያ ያስተማረኝን ለሌላው ሳላካፍል በመቅረቴ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለሥዕል፣ ለንድፍና ለሙዚቃ የየራሳቸው ደብተር ነበረኝ፤ ሦስቱም ከግማሽ አላለፉም።

ነገሩን የቀየረው እናቴ የላከችልኝ ነጠላ ነው። አንድ በረዷማ ማታ ጥለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሰፊውን አረንጓዴ፣ ሁለቱን ቀጫጭን ወርቃማ መስመሮች፣ መሐል ያለውን ነጭ፣ ከዚያም ተመልሶ የሚመጣውን አረንጓዴ ስከተል ጣቴ ሳላስበው ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። ሰፊውን ረዥም ምት፣ ቀጭኑን አጭር፣ ነጩን ዝምታ አድርጌ በክራር ስሞክረው፣ ለሳምንታት እምቢ ያለኝ ዜማ መግቢያ አገኘ። በማግስቱም ለአንድ ምግብ ቤት የምሠራውን የምግብ ዝርዝር በዚያው ምት አሰፋሁና አጠበብኩ።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጻፈባቸውን የድጓ መጻሕፍት የከፈተ ሰው ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የተባሉትን ጥቃቅን ምልክቶች በፊደሉ ላይ ሰፍረው ያያል፤ ድምፅ በቀለም ተጽፎ፣ ለዓይንም ለጆሮም አንድ ላይ ቀርቧል። ጅማ ተወልዶ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱ አስታጥቄም በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሙዚቃውን ሲያስቀርጽ ባለ አምስት ድምፁን የአገሩን ቅኝት ቪብራፎን ወደሚባለው በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያና ወደ ላቲን ምት ነበር የወሰደው። በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት ያስተማረው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ የፍየል ቆዳንና የዛፍ ልጥን ሸራ አድርጎ ሠርቷል።

ስለዚህ መንፈስ እስኪወርድላችሁ አትጠብቁ፤ ከአንዱ ሙያ ገደብ ተበደሩ። አንድ ወር ከአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በባቲ ብቻ ተጫወቱ፤ በዚያው ወር የምትሥሉትንም ከአምስት ቀለም አታሳልፉት። አገር ቤት ስትሄዱ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ፤ የሙዚቃ መሣሪያውም ቅዱሳት ሥዕሎቹም በአንድ ግቢ ይገኛሉ። በስልክ ከማንሳት ግን በእርሳስ መሣል ይሻላል፤ እጅ ያየውን አይረሳም።

ጀበናና ባንዲራ ለመልክ ብቻ የተደረደረበትን ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልወደውም፤ እኔም ከዚሁ ጥፋት አላመለጥኩም። በአንድ ወቅት ፊደሎችን ለመልካቸው ብቻ ቆራርጬ የኮንሰርት ፖስተር ሠራሁ። አንድ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ይላል?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳልሥለው በፊት ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚላላ እሰማለሁ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ይናገራል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። የበዓል ካርድ ስሠራ «ና»ን ከ«ገ» አወፍራታለሁ።