እናቲቱ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ውድ የሕክምና ተማሪዎችና ወጣት ሐኪሞች፣

የሕፃናት ነርቭ ሕክምና ላይ ሸምግያለሁ። አጥብቄ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። «በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከእናት ይወረሳል» የሚለውን ትምህርት ብቻ ይዛችሁ የታመመ ልጅ እናት ፊት አትቅረቡ።

ትምህርቱ ሐሰት ሆኖ አይደለም። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ 37 ዘረመሎች ይዞ በእናት በኩል ይተላለፋል። ግን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ከ1,000 ይበልጣሉ። የራሱ ዲኤንኤ የሚያሠራው 13ቱን ብቻ ነው። የቀሩት ትእዛዛቸው ያለው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ይመጣል። በልጅነት የሚነሳው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እዚያ ነው።

ሊ ሲንድረም የሚባለውን የማይቶኮንድሪያ በሽታ ውሰዱ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዴኒስ ሊ በ1951 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው። ደህና ሲያድግ የነበረ ሕፃን ትኩሳት ይይዘውና የለመደውን ያጣል። መቀመጥ፣ መዋጥ፣ አንዳንዴም መተንፈስ ያቅተዋል። ይህን የሚያመጡ ከ100 በላይ ዘረመሎች ይታወቃሉ። አንዱ ሰርፍ1 ነው። ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች ሲወርስ ነው፤ እነሱ ግን ጤነኞች ናቸው። «እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። መቁጠሩ ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሌላው ዘረመል ኤምቲ-ኤቲፒ6 ግን ያለው በማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ውስጥ ስለሆነ በእናት በኩል የሚመጣ ነው። እሱም ቢሆን ስንዴ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ ነው፤ ወሳኙ የተበላሸው ዲኤንኤ መጠን ነው። እናቲቱ ጥቂት ይዛ ምንም ሳያማት ትኖራለች፤ በአንድ ልጇ ላይ ከ90 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ ምን አጠፋች? «የእሷ ዘር ነው» የተባለች ሴት ቤቷ ውስጥ ምን እንደሚደርስባት አይቻለሁ። ባል ይርቃል፣ አማት ፊቷን ታዞራለች። ሐኪም ያለውን ደግሞ ቤተሰብ አይረሳም።

ዘረመሉን መፈለግ ለሕክምናውም ይጠቅማል። በ1998 እ.ኤ.አ. ከሳዑዲ ዓረቢያ የተገለጸ፣ በኤምአርአይ ሊ ሲንድረምን የሚመስል በሽታ አለ። የተበላሸው ቲያሚንን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ኤስኤልሲ19ኤ3 የሚባለው ዘረመል ነው። ባዮቲንና ቲያሚን ቶሎ ከተሰጠው ልጁ ሊያገግም ይችላል። ሁለት ቫይታሚኖች ናቸው! ከጠረጠራችሁ የምርመራ ውጤት አትጠብቁ፣ ጀምሩለት። ፖልጂ የሚባለው ዘረመል ከተጠረጠረ ደግሞ ለሚጥል በሽታው ቫልፕሮኤት የሚባለውን መድኃኒት አትስጡ፤ ጉበቱን ሊገድለው ይችላል።

ወላጆች ስለሚቀጥለው ልጅ መጠየቃቸው አይቀርም። ጉድለቱ ከሁለቱም የመጣ ከሆነ በየእርግዝናው ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በእናት በኩል ከሆነ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ እንዲህ ነው ብላችሁ አትገምቱላቸው። ሁለቱንም ወላጆች አብራችሁ አስቀምጡና ንገሯቸው። እናቲቱን ለብቻዋ አትጥሩ።