ልጄ ገጹን ይሸመድዳል እንጂ አያነብም

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ7 ዓመት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወጣዋል፣ የአማርኛ መጽሐፉንም ገጽ በገጽ በቃሉ ይልልኛል፤ ነገር ግን አንዱን ቃል ከመሐል ነጥዬ ስጠይቀው ዝም ይላል። አባቱ በየማታው አንድ ሰዓት እንዲያነብ፣ ካላነበበም ስልክ እንዳይነካ አዝዟል። አሁን መጽሐፉን ገና ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ በቤታችንም ከመማሪያው ሌላ መጽሐፍ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ ጆሮው ከዓይኑ ቀድሞበት ነው። ይህን የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የወጣው ተማሪ የያዘው ፊደሉን ይሁን ዜማውን ለመለየት፣ ተራው ወደሚዛባበት ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ በዚያም የመጀመሪያው ፊደል ግእዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እየሆነ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ ስለሚኬድ፣ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ከመለየት ሌላ መውጫ የለውም። እርስዎም አንድ ስንደዶ ይስጡትና «ከዚህ ገጽ ላይ ‹ላ›ን እየፈለግህ ንካልኝ» ይበሉት። 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ቤት 231 ስለሚሆኑ፣ ለአንድ ማታ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

የትምህርትዎ ማነስ አያስጨንቅዎ። አማርኛችን ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ «ገና» የልደት በዓልም ነው፣ «ገና አልመጣም» የምንለውም ነው፤ «አለ» ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። ልጁ ይህን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ በሰው አፍ ሲነበብ ደጋግሞ ሰምቶ ስለሆነ፣ እርስዎ ቀስ ብለው፣ እየተደናቀፉም ቢሆን፣ አጠገቡ ተቀምጠው ጣትዎን ከቃሉ በታች እያስኬዱ ቢያነቡለት፣ ብቻውን አንድ ሰዓት ከመቀመጡ ይልቅ እጅግ ይጠቅመዋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቃል ሲይዘው ጥቂት ይታገሡትና ካልሆነለት ነግረውት ይለፉ፤ በየቃሉ የሚታረም ልጅ የታሪኩ መጀመሪያ ይጠፋበታል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ሐሳባቸው ለልጁ ከመቆርቆር የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ንባብ የስልክ ዋጋ ሲሆን ልጁ ስልኩን እንደ ሽልማት፣ መጽሐፉን እንደ ቅጣት መቁጠሩ አይቀርምና ሁለቱን ቢያለያዩዋቸው እንመክራለን። ስልኩ የራሱ ሰዓት ይኑረው።

መጽሐፍ ካጣችሁ ደግሞ እቤት ጻፉ። የመንዝ ወይም የአንኮበር ዘመድ፣ በተለይ አያት፣ ሊጠይቃችሁ ሲመጣና ብርዱን ሽሽት ምድጃውን ከባችሁ ስትቀመጡ፣ ተረት ያስነግሩ፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ተረቱን በልቡ ይይዘዋል። በማግስቱ እሱ እየነገረዎ እርስዎ በአንድ ደብተር ላይ በትልልቁ፣ በአንድ ገጽ ከሦስትና ከአራት መስመር ሳያስበልጡ ይጻፉለት፤ ሥዕሉን እሱ ይሣል። ሽምደዳው ተመልሶ እንዳይመጣ አንዳንድ ቃል ይለውጡበት፤ ጅቡ በነበረበት ቦታ ቀበሮ ቢያስገቡ «እማዬ፣ ተሳስተሻል!» ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ በእውነት አንብቧል ማለት ነው። እንቆቅልሽም እንዲሁ በብጣሽ ወረቀት እየተጻፈ መልሱ በጀርባው ቢሆን፣ ጠያቂው ልጁ፣ መላሾቹ እናንተ ስለምትሆኑ ለማንበብ ይቸኩላል።

ከሁሉ አስቀድመው ግን ዓይኑን ያስመርምሩ። መጽሐፉን ወደ ፊቱ እጅግ የሚያስጠጋ፣ ወይም ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ፣ ጓደኞቹ ሲያነቡ እየሰማ በቃሉ መያዙ የተለመደ ነው፤ ችግሩ ይህ ከሆነም መነጽር ያሻዋል።